ፒዲኤፉ አለ፣ ጽሑፉ የለም

ስልካችሁን አውጡና ከቴሌግራም ካወረዳችኋቸው የአማርኛ መጻሕፍት አንዱን ክፈቱ። ከዚያ ገጹ ላይ በዓይናችሁ የምታዩትን አንድ ቃል የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ጻፉ። «አባት» በሉ፣ «መሬት» በሉ፣ የፈለጋችሁትን። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «ምንም አልተገኘም» ነው። ቃሉ ፊት ለፊታችሁ ሦስት ቦታ ተጽፎ እያያችሁት ስልኩ የለም ብሎ ድርቅ ይላል። አልዋሸም። ለእሱ ያ ገጽ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው። ከሠርግ ፎቶ ውስጥ «ሙሽራ» የሚል ቃል ፈልግልኝ እንደማለት ነው የጠየቃችሁት።

ለአብዛኞቻችን ነገሩ ትንሽ ብስጭት ነው። ገጹን በጣታችን እየገፋን እንፈልጋለን፤ ካልተገኘ እንተወዋለን፣ በቃ። ለአንድ ጓደኛዬ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሕግ ይማራል፤ ማየት የተሳነው ነው። ስልኩ ላይ ያለው ስክሪን ሪደር የተጻፈ ነገር ካገኘ ሁሉንም ያነብለታል፣ ያውም እኔ ልከተለው በማልችለው ፍጥነት። እኔ አንድ ቃል ለመያዝ ስታገል እሱ አንቀጹን ጨርሶ መልስ እየጻፈ ነው። በክፍሉ ግሩፕ ላይ የሚለቀቀውን ሞጁል ሲከፍት ግን ስልኩ «ምስል» ይልና ዝም ይላል። ወደሚቀጥለው ገጽ ሲሄድም «ምስል»። ሁለት መቶ ገጽ ሞጁል፣ ሁለት መቶ ጊዜ «ምስል»።

እስካሁን የሚያጠናው የክፍል ጓደኞቹ ድምፃቸውን ቀድተው በሚልኩለት ነው። ልጆቹ ደጎች ናቸው፣ ግን ፈተና ሲደርስ እነሱም ያጠናሉ እኮ! ደግሞ የተቀዳ ድምፅ ውስጥ አንቀጽ 1723ን መፈለግ ምን እንደሚመስል ሞክራችሁ እዩት። ስለዚህ ለሦስት ሆነን ለውል ሕግ የሚያስፈልገውን ክፍል ወደ እውነተኛ ጽሑፍ ለመቀየር ተቀመጥን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ 3,367 አንቀጾች አሉት። ሁሉን አንድ ላይ ለማድረግ አልተመኘንም። ስለ ውሎች በጠቅላላው ከሚናገረው፣ ከአንቀጽ 1675 ጀመርን።

ፎቶን ወደ ፊደል የሚቀይረው ቴክኖሎጂ ኦሲአር ይባላል። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፣ የተንጋደደውን ያቃናል፣ ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ ለይቶ ያወጣል። ድሮ እያንዳንዱን ፊደል ቆርጦ ከናሙና ጋር ያስተያይ ነበር። አሁን ያሉት ግን መስመሩን እንዳለ ይወስዱና የቀደመውንና የሚከተለውን እያገናዘቡ «እዚህ ጋ ሊሆን የሚችለው ፊደል የቱ ነው?» ብለው ይገምታሉ። ልብ በሉ፣ ይገምታሉ ነው ያልኩት።

ከነፃዎቹ መካከል ስመ ጥሩው ቴሰራክት ነው። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ጀምሮት አሥር ዓመት ያህል ከሠራበት በኋላ ተቀምጦ ቆየ፤ በ2005 ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ ከ2006 ጀምሮ ጉግል ደገፈው። መስመሩን እንዳለ የሚያነበውን ዘዴ ያመጣው በ2018 የወጣው አራተኛው እትም ነው። አማርኛም ትግርኛም ያውቃል። እኛ አገርም ጉዳዩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ፊደልን በኮምፒውተር ስለማስነበብ የማስተርስ ጥናት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን ከ337 ሺሕ በላይ የአማርኛ መስመር ምስሎችን ሰብስቦ ለምርምር ክፍት አድርጓል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ከእውነተኛ ወረቀት ስካን የተደረገው ወደ 40 ሺሕ የሚጠጋው ብቻ ነው፤ ሌላው በኮምፒውተር የተፈጠረ ምስል ነው። በእኔ እምነት የችግሩ አንድ ጫፍ እዚህ ጋ ይገኛል። ማሽኑ ንጹሕ ፊደል እያየ ተምሮ ስናበቃ፣ የቢጫ ወረቀት ፎቶ፣ ያውም በጥላ የተሸፈነ፣ አምጥተን «አንብብ» እንለዋለን።

ሌላው ጫፍ ፊደላችን ራሱ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፤ ትልቁንና ትንሹን ብትደምሩ 52። የኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋን፣ ጓን፣ ሏን፣ ነጥቦቹንና የግዕዝ ቁጥሮቹን ስትጨምሩ ወደ 300 ይጠጋል። ብዛቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ልዩነት አንዳንዴ ከጎን የተቀጠለች አንዲት ጭረት ወይም ጥግ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቀለበት ናት። ወረቀቱ ሲያረጅ ቀለሙ ይሰፋል ወይም ይሳሳል፣ ያቺ ጭረት ትጠፋለች።

«ለበሰ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ሦስት ፊደል፣ ሦስቱም ሁለት እግርና ጣሪያ። የበ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ የሰ ክብ ያለ ነው፣ ለ ደግሞ በራሱ መንገድ ሾል ይላል። ጥሩ ሕትመት ላይ ልጅም አይሳሳተውም። በደከመ ፎቶ ኮፒ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ቤት ናቸው። እኛ ሰዎቹ ቃሉን ስለምናውቀው እናልፈዋለን፤ ማሽኑ «ሰለበ»ም ሊለው ይችላል። ሳቁን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከሠራነው የመጀመሪያ ሃያ ገጽ ውስጥ «ሰማ» የሚለው ግስ «ለማ» ሆኖ ወጥቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክርክር ሰማ ማለቱ ቀርቶ አቶ ለማ የሚባሉ ሰው ሕጉ ውስጥ ገቡ። «ገባ» ደግሞ «ጎባ» ሆኖ ባሌ ደረሰ። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ክፋቱ ቃሉ እውነተኛ ቃል መሆኑ ነው። የፊደል ማረሚያ ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ ለማም ጎባም ትክክለኛ አማርኛ ናቸዋ።

ሕግ ላይ ሲሆን ደግሞ ቀልዱ ያልቃል። አማርኛ አሉታውን የሚይዘው በቃሉ መነሻ ላይ ባለች አንዲት አ ነው። «አይገደድም» ከሚለው ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል በገጹ እጥፋት ውስጥ ብትጠፋ «ይገደድም» ይቀራል። ይኼኛው ደግነቱ ሰዋስው ስለማይሆን ጆሮ ይይዘዋል። ቁጥር ግን አይያዝም። 3 ወደ 8፣ 1 ወደ 7 ሲቀየር ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይሰማውም። የቆዩ ሰነዶች ላይ የግዕዝ ቁጥር አለ፤ እዚያ ላይ በ፻ እና በ፼ መካከል ያለው ልዩነት በሥዕል ሲታይ ትንሽ ነው፣ በዋጋ ግን መቶ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለሁላችንም ሕግ አወጣን። ቃሉን ማሽኑ ያንብብ፤ ቁጥርን ግን አንድ ሰው ጣቱን ወረቀቱ ላይ፣ ሌላው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ ያመሳክር።

ሌላ ያልጠበቅነው ጉድ ከመስመር መጨረሻ መጣ። የድሮ አማርኛ ሕትመት ቃላትን የሚለያየው በሁለት ነጥብ ነው፤ በዚህ (፡)። የቃሉ ማብቂያ በነጥቡ ስለሚታወቅ መስመር ሲያልቅ ቃሉን የትም ቦታ ቆርጦ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ሰረዝ አያስፈልገውም። «ተዋዋ» እዚህ፣ «ዮች» እታች። ኦሲአር ይህን እንደ ሁለት ቃል ያወጣዋል። ሁለት ነጥቡ ደግሞ አንዳንዴ የእንግሊዝኛው ኮለን ይሆናል። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ፋይል ከፍቶ ሲያዳምጥ በየቃሉ መካከል «ኮለን፣ ኮለን፣ ኮለን» እያለ ተነበበለት። «ሕጉን ነው ወይስ ኮለንን ነው የምማረው?» አለ። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ የተቆረጡትን ቃላት አገናኙ፤ ከዚያ ፈልጎ በመተካት ነጥቡን ሁሉ በባዶ ቦታ ለውጡት። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ቃሉ የት እንዳለቀ የሚነግራችሁ ምልክት ይጠፋል።

አሁን ጽሑፉ ንጹሕ ሆነ እንበል። ፍለጋ ላይ «ህግ» ብላችሁ ጻፉ። አልተገኘም! ምክንያቱም መጽሐፉ የሚለው «ሕግ» ነው። ለጆሯችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። «ፀሐይ»ን ሰው በስንት ዓይነት እንደሚጽፈው አስቡት። ጓደኛዬ ለዚህ የራሱ ዘዴ አለው። አወዛጋቢ ፊደል የሌለበትን ቃል መርጦ ይፈልጋል፤ «ሥልጣን» ሳይሆን አጠገቡ ያለውን «ውክልና»ን።

ስካን ያልተደረገ ግን ያው እንደ ፎቶ የተቆለፈ ሰነድ መኖሩንም የብዙዎቻችሁ ስልክ ይመሰክራል። ቃሉን ኮፒ ስታደርጉት ይመረጣል፣ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፉ ናቸው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው በላዩ የአማርኛ ሥዕል ያለብሱት ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ፎንቱ ሲነሣ ልብሱ ይወልቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰነድ አንዱ መውጫ ገጹን ወደ ምስል ቀይሮ እንደገና በኦሲአር ማስነበብ ነው። ነገሩ አስቂኝ ቢመስልም ይሠራል። ንጹሕ ስለሆነም ከድሮ መጽሐፍ ይልቅ ውጤቱ የተሻለ ነው።

እንዴት ትሠሩታላችሁ? ቀላሉ መንገድ ጉግል ድራይቭ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ፎቶውን ወይም ፒዲኤፉን ትጭናላችሁ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ በጉግል ዶክስ ክፈት ትሉታላችሁ። ምስሉ ከላይ፣ የተነበበው ጽሑፍ ከሥሩ ይመጣል። የጉግል መመሪያ ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ፣ ፊደሉም ቢያንስ 10 ፒክስል ቁመት ቢኖረው ይመክራል። ቴሰራክትን መጫን ለሚችል ደግሞ በይነመረብ አያስፈልገውም፤ ካርድ በሌለበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከፕሮግራሙ ይልቅ ግን ውጤቱን የሚወስነው ፎቶው ነው፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሡ። ስልኩ ከገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የራሳችሁ ጥላ አይውደቅበት። መጽሐፉ መሐል ላይ የሚጎብጠውን በእጅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ጣታችሁን ግን ከጽሑፉ አርቁ። ሁለት ገጽ በአንድ ፎቶ አታድርጉ። ስካነር ካገኛችሁ 300 ዲፒአይ ላይ አድርጉት።

እና አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ቴሌግራም ላይ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ለዓይን ምንም አይመስልም፣ ያቺ ለ እና ሰን የምትለየው ጭረት ግን መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ሦስት ግሩፕ ዞሮ የመጣ ፎቶ ከሆነማ አትልፉ፣ መጽሐፉ ካለበት ሄዳችሁ እንደገና አንሡት።

አዋጅ የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ያትማል። ፕሮግራሙ ዓምዱን ካልለየ ከአማርኛው ግማሽ መስመር፣ ከእንግሊዝኛው ግማሽ መስመር እየቀላቀለ ማንም የማይገባው አዲስ ቋንቋ ይፈጥራል። ክሮፕ አድርጋችሁ አማርኛውን ለብቻው ቁረጡት። ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰዓት ያድናል።

በጽሕፈት መኪና ለተመታ ሰነድ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጣችሁም። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነሣ ኢንጂነር አያና ብሩ ይነሣሉ። 231 ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስለማይቻል፣ መኪናው ዋናውን ፊደል ከመታ በኋላ ቅጥያውን ለብቻ ይመታል። ስለዚህ ጭረቷ ከፊደሉ ራቅ ብላ ወይም ላዩ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። የድሮ የፍርድ ቤት ውሳኔና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብዙው እንደዚህ ነው። እዚያ ላይ እንደገና በእጅ መተየብ ይሻላል። በየዩኒቨርሲቲው በር ያሉት «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል የለጠፉ ቤቶች እንጀራቸው ገና አልተነካም።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ልጆች «ምን አስለፋህ? ፎቶውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻት ስጠውና ይጻፍልህ» ይሉኛል። ሞክሬዋለሁ፤ አማርኛው ያማረ ነው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ተራው ኦሲአር ሲሳሳት አስቀያሚ ሆኖ ይሳሳታል፤ «ሰለበ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። እነዚህኞቹ ግን ያላነበቡትን መስመር በሚመስል ነገር ሞልተው፣ ለስልሶና ተስተካክሎ ያቀርቡላችኋል። ለልቦለድ መጽሐፍ ምንም አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። ለሕግ፣ ለመድኃኒት መመሪያ፣ ለቤት ካርታ ግን እኔ ወረቀቱን ከጎኔ ሳላስቀምጥ አልቀበለውም።

መብትስ? መጠየቃችሁ አይቀርም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የሕግ ሰነዶች ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ እኛ የያዝነው ሥራ ችግር የለበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ ማየት ለተሳናቸው የሚሆን ቅጂ ለማዘጋጀት በር ይከፍታል። የአንድን ሕያው ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ቻናል ላይ መልቀቅ ግን ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም.። የመቶ ዓመት ወረቀት ማለት ነው። አብዛኛው ወይ ስካን አልተደረገም፣ ወይ ተደርጎም «ምስል» ነው። ጉግል ላይ ስለ አንድ ነገር በአማርኛ ስትፈልጉ የምታገኙት ያለፉት ጥቂት ዓመታት ጽሑፍ ብቻ የሚመስላችሁ አንዱም ምክንያት ይኼው ነው። አያቶቻችን ስለ ጉዳዩ ሳይጽፉ ቀርተው አይደለም።

እኛ አሁን 1800ዎቹ ውስጥ ነን። ባለፈው ሳምንት ስለ ይርጋ የሚናገረው ክፍል አልቆ ፋይሉን ለጓደኛዬ ላክሁለት። ማታውኑ «ይርጋ» ብሎ ፈልጎ አንቀጽ 1845 ላይ ደረሰ፤ አሥር ዓመት የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነብቦ ሰማው። ማንንም አልጠራም። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ቦታ ላይ ጆሮው እንዳልተቀበለው ጽፎ ላከልኝ። ሁለቱ ማሽኑ ሰ እና በን ያቀያየረባቸው ነበሩ፣ ወዲያው ተስተካከሉ። ሦስተኛው ላይ ፎቶው ራሱ ደብዝዟል፤ የታተመውን ቅጂ ማየት አለብን። ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ተቀጣጥረናል።